ከላይ ወደ ታች የተሠራው መሰላል፦ የጀማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተናዎች

እ.ኤ.አ. በ1913 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች ያዘጋጀውን የብቃት ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የቀረቡት ተፈታኞች ሦስት ብቻ ነበሩ። ፈተናው በጠቅላላው 12 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ተፈታኙ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ ይተረጉማል፤ ከእነዚሁ ቋንቋዎች ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ስለ ሰዋስውና ስለ ድምፆች አፈጣጠር ይጠየቃል። ስለ እንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጽፋል፤ ሌላ ሁለት ሰዓት ደግሞ ድርሰት ያዘጋጃል። በመጨረሻም ሲነበብለት ይጽፋል፣ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ከፈታኙ ጋር ይነጋገራል። ከሦስቱ አንድም ያለፈ አልነበረም።

ፈተናው የታሰበው በየአገሩ እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ መምህራን ነበር። ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ስሙንና አድራሻውን በቅጽ ላይ የሚሞላ፣ የት እንደሚያመው ለሐኪም የሚናገር ሰው በዚያ ፈተና ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መሰላሉ የተጀመረው ከጫፉ ነው። ካምብሪጅ ከዚያ ዝቅ ያለውን ፈተና የጨመረው በ1939 ነበር። መካከለኛው በ1980 መጣ። ዛሬ «ኤ2 ኪ» የሚባለው የጀማሪዎች ፈተና የተከፈተው ደግሞ በ1994፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፈተና 81 ዓመት በኋላ ነው። ለንደን ያለው ትሪኒቲ ኮሌጅ ግን ከ1938 ጀምሮ የንግግር ችሎታን ብቻ የሚመዝን ፈተና ይሰጥ ነበር፤ ይህ ፈተና ዛሬ ከመጀመሪያው ጀማሪ እስከ ላቀ ተናጋሪ 12 ደረጃዎች አሉት።

ጀማሪው እንዲታይ ያደረገው የአመለካከት ለውጥ ነው። በ1970ዎቹ የአውሮፓ ምክር ቤት ጎልማሶች ቋንቋ እንዴት መማር እንዳለባቸው የሚያጠኑ ባለሙያዎችን አሰባሰበ። በ1975 የሆላንዱ ምሁር ያን ቫን ኤክ ያዘጋጀው ሰነድ ወጣ። ሰነዱ የተነሣው «ተማሪው የትኛውን የሰዋስው ሕግ ያውቃል?» ከሚለው ጥያቄ አልነበረም። «በሰው አገር ለመኖር አንድ ሰው በቋንቋው ምን ማድረግ መቻል አለበት?» ብሎ ጠየቀ። ሰላምታ መስጠት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ አለመስማማትን መግለጽ፣ መንገድ መጠየቅ፣ ግብዣ መቀበልና አለመቀበል እያለ ዘረዘራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያ ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሆን ሌላ ሰነድ ተከተለ። የካምብሪጅ የጀማሪዎች ፈተና መሠረቱ ይህ ሁለተኛው ሰነድ ነው።

በ2001 ምክር ቤቱ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን የቋንቋ ችሎታ መለኪያ አሳተመ። መለኪያው ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ከታች ኤ1 እና ኤ2፣ መሐል ቢ1 እና ቢ2፣ ከላይ ሲ1 እና ሲ2። በ2018 ደግሞ ከኤ1 በታች ላሉ ተማሪዎች ሌላ እርከን ተጨመረለት።

የኤ1 መግለጫ በጥሞና ሊነበብ ይገባል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ራሱን ያስተዋውቃል፣ የት እንደሚኖር፣ እነማንን እንደሚያውቅ፣ ምን ንብረት እንዳለው ይጠይቃል፣ ይመልሳል። መግለጫው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ያክላል፦ አነጋጋሪው ዝግ ብሎ፣ በግልጽ የሚናገርና ለመርዳት ፈቃደኛ የሆነ እንደሆነ ነው። እንግዲህ የንግግሩ ሸክም ግማሹ በሰሚው ላይ ተጥሏል። ኤ1 ያለው ሰው ባንክ ቤት ወይም ክሊኒክ ገብቶ ሳይግባባ ቢወጣ ጉድለቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ መለኪያው ራሱ ይመሰክርለታል።

ወደ ኤ1 ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል? ካምብሪጅ የሚሰጠው ግምት ከ90 እስከ 100 ሰዓት የሚደርስ፣ በመምህር የታገዘ ትምህርት ነው። ለኤ2 ከመነሻው ጀምሮ ከ180 እስከ 200 ሰዓት፣ ለቢ1 ከ350 እስከ 400 ሰዓት ይገመታል። በሳምንት አራት ሰዓት የሚማር ሰው ኤ1 ላይ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ያስፈልገዋል ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወይም ልጅ የሚያሳድግ ከሆነ ከዚህም ይረዝማል።

ኤ2 ኪ የተባለው ፈተና ሦስት ክፍሎች አሉት። ለንባብና ጽሕፈት አንድ ሰዓት፣ ለማዳመጥ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ለንግግር ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይሰጣል። በጽሕፈቱ ተፈታኙ ቢያንስ 25 ቃላት ያሉት አጭር መልእክት ይጽፋል፤ ከዚያም ሦስት ሥዕሎች አይቶ ቢያንስ በ35 ቃላት ታሪክ ይተርካል። ውጤት አሰጣጡም ለጀማሪ የሚራራ ነው። ለኤ2 የሚያበቃውን 120 ነጥብ ያላገኘ፣ ነገር ግን ከ100 እስከ 119 ያስመዘገበ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ኤ1 ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጠዋል። ለሕፃናት በተዘጋጀው «ስታርተርስ» በተባለው ፈተና ደግሞ ማለፍም መውደቅም የለም፤ ልጁ በየክፍሉ ከአንድ እስከ አምስት ጋሻ ይሸለማል።

ለጎልማሳ ስደተኛ የሚሆን የጀማሪ ምስክር ወረቀት በሰፊው የተደራጀው በእንግሊዝ ነው። በ1999 በሎርድ ክላውስ ሞዘር የተመራ ቡድን ባወጣው ሪፖርት ከአምስት የአገሪቱ ጎልማሶች አንዱ ማንበብና መጻፍ በደንብ እንደማይችል ገለጠ። ሞዘር ራሱ በ1922 በርሊን ተወልዶ ከናዚዎች አገዛዝ ሸሽቶ በ1936 እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ልጅ ነበር። ሪፖርቱን ተከትሎ መንግሥት በ2001 አገር አቀፍ የመሠረታዊ ትምህርት ዕቅድ አወጣ። በዚያው ዓመት እንግሊዝኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ ለሚማሩ ጎልማሶች ሥርዓተ ትምህርት ታተመ። ተማሪዎቹም መምህራኑም ይህን ትምህርት በአጭሩ «ኢሶል» ይሉታል።

ኢሶል ሦስት የመግቢያ ደረጃዎች አሉት፤ ኢንትሪ 1፣ ኢንትሪ 2 እና ኢንትሪ 3። እነዚህ ከኤ1፣ ከኤ2 እና ከቢ1 ጋር ይመጣጠናሉ። ከእነሱ በላይ ሁለት ደረጃዎች አሉ። ዋናው ብልኀት ንግግርና ማዳመጥ፣ ንባብ፣ ጽሕፈት ለየብቻቸው መመዘናቸው ነው። በንግግር ኢንትሪ 3 ላይ ያለ ሰው በጽሕፈት ኢንትሪ 1 ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱም ይህንኑ እንዳለ ይናገራል።

ይህ ለአማርኛና ለትግርኛ ተናጋሪዎች ትልቅ ጥቅም አለው። በለንደን የኢሶል ክፍል ውስጥ አዲስ አበባ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው፣ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ትምህርት ካቋረጠችና በአረብ አገር ቤት ሠራተኝነት ዓመታት ካሳለፈች ሴት ጎን ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ ንግግሩ ግን ይይዘዋል። ሁለተኛዋ ከአሠሪዎቿ የለቃቀመችው እንግሊዝኛ አፏን ፈትቶላት ይሆናል፤ ቅጽ መሙላት ግን ያስቸግራታል። የግዕዝን ፊደል ለሚያነብ ሰው ሌላም አዲስ ነገር አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ እያንዳንዱ ሆሄም አናባቢውን ይዞ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግን ስም በየትኛው ፊደል እንደሚጀመር፣ የማይነበብ ፊደል ለምን እንደሚጻፍ አንድ በአንድ መማር ግድ ነው። ኢንትሪ 1 ላይ የሚፈተነውም ይኸው ነው፦ ስምን በትልቅ ፊደል መጀመር፣ ቅጽ መሙላት፣ አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ።

የእንግሊዝ ቪዛ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከርራል። ከኅዳር 2010 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚኖር የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው በንግግርና በማዳመጥ ኤ1 ማለፍ ይጠበቅበታል። ከ2017 ወዲህ የትዳር ቪዛውን ለማራዘም ኤ2 ይጠየቃል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድና ለዜግነት ቢ1 ታክሏል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ፣ እንዲሁም በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መፈተን የማይችሉ ሰዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። እስከ 2025 ድረስ ስደተኛ ተብሎ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ቤተሰቡን ሲያስመጣም ይህ ፈተና አይጠየቅም ነበር።

በትዳር ቪዛ ላይ የወጣው ደንብ በፍርድ ቤት ተሞግቷል። ባሎቻቸው በፓኪስታንና በየመን የነበሩ ሁለት የእንግሊዝ ዜጎች ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱ። በ2015 ዳኞቹ ደንቡን አልሻሩትም፤ ነገር ግን ስለ ልዩ ሁኔታዎች የወጣው መመሪያ ጠባብ መሆኑን፣ መማርም ሆነ ወደ ፈተና ጣቢያ መጓዝ በተግባር የማይሆንላቸውን ሰዎች መብት ሊጥስ እንደሚችል ገለጡ።

የፈተና ክፍሉ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። በትሪኒቲ ለኤ1 የሚሰጠው 2ኛ ደረጃ ፈተና ከአንድ ፈታኝ ጋር የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ጭውውት ነው። ስለ ቤት ክፍሎች፣ ስለ ቤተሰብና ጓደኞች፣ ስለ ቀናትና ወራት ይጠየቃል። ለቢ1 የሚሆነው 5ኛ ደረጃ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ግማሹ ተፈታኙ ራሱ መርጦ ባዘጋጀው ርእስ ላይ የሚደረግ ውይይት ነው። ስለ ቡና አፈላል ወይም ስለ ትውልድ ቀዬው ማውራት የሚፈልግ ሰው ይህ ዕድል አለው። «አይኤልትስ ላይፍ ስኪልስ» የተባለው ሌላው ፈተና ሁለት ተፈታኞችን አንድ ላይ ያስቀምጣል። በኤ1 ደረጃ ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ውስጥ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፣ የተቀረጸ ድምፅ ያዳምጣሉ፣ አንድ ነገር አብረው ያቅዳሉ። ውጤቱ አለፈ ወይም አላለፈ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያባክነው ሁለቱን የወረቀት ዓይነቶች፣ የኢሶሉንና የቪዛውን፣ ሲያምታታ ነው። ኢሶል ከሚማሩበት ኮሌጅ የሚገኘው ምስክር ወረቀት ጊዜው አያልፍም፤ ለሥራ፣ ለሙያ ትምህርት፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ለመዛወር ይረዳል። በ2014 የቢቢሲው «ፓኖራማ» በአንዳንድ የፈተና ማዕከላት የተደራጀ ማጭበርበር መኖሩን ካጋለጠ በኋላ ግን መንግሥት የቪዛ ፈተናዎችን ቁጥጥር አጠበቀ። ዛሬ ለቪዛና ለዜግነት የሚቀርብ ፈተና በተፈቀደ ድርጅት፣ በተፈቀደ ማዕከል የተሰጠ መሆን አለበት፤ ሲወሰድም መታወቂያ ይመረመራል፣ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። የኮሌጅ የኢንትሪ 3 ወረቀት፣ ደረጃው ቢ1 ቢሆንም እንኳ፣ በዚህ ምትክ አይቀርብም። በእንግሊዝኛ የተሰጠ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ ዲግሪው ተመርምሮ ከታወቀለት ከነጭራሹ ላይፈተን ይችላል፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ሰው ይህን አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅመዋል።

እንግሊዝ ዘመድ ያለው፣ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያዘጋጅ አንባቢ ከሁለት ነገር ይጀምር። አንደኛ፣ ለፈተና ከመመዝገብ በፊት ለትምህርቱ መቶ ሰዓት ይመድብ፤ የኤ1 ፈተና አጭር ቢሆንም በሳምንት ጥናት የሚታለፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ የፈተናው ስምና ማዕከሉ በእንግሊዝ መንግሥት ይፋ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ፤ ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከዓመታት በፊት ያለፈ ሰው ምክር ብቻውን አይበቃም። የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው።