«አንድ ሰው!» የዮጋ ተማሪ ውሎ በማይሶር

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ገና 8 ሰዓት ስለሆነ ቤተሰብዎ ከባድ እንቅልፍ ላይ ነው። እርስዎ ግን በደቡብ ሕንዷ ማይሶር ከተማ፣ ጎኩላም በሚባለው ሰፈር፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ በብብትዎ ሸጉጠው በጨለማ ይራመዳሉ። መንገዱ ላይ ያሉት ውሾችና አንዲት ላም ብቻ ናቸው። ትንሽ ቆይተው ቢወጡ ኖሮ ሴቶች ደጃቸውን ጠርገውና ውሃ ረጭተው፣ በነጭ ዱቄት መሬቱ ላይ አበባ መሳይ ሥዕል ሲሥሉ ያዩ ነበር። አሁን እነሱም አልተነሡም።

የትምህርት ቤቱ ደጅ ሲደርሱ ቀድመውዎት የመጡ ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ከጃፓን፣ አንዱ ከብራዚል፣ ሌላዋ ከሞስኮ ናት። ማንም አያወራም። በበሩ በኩል የሚወጣው አየር እንደ እንፋሎት ሞቃትና እርጥብ ነው። ውስጥ፣ ምንጣፍ ከምንጣፍ የሚለየው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። አንዱ ጨርሶ ቦታ ሲለቅ መምህሩ ቀና ይልና «ዋን ሞር!» ብሎ ይጣራል። አንድ ተጨማሪ ሰው ይግባ ማለቱ ነው። የመገናኛ ታክሲ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል እግርዎ በራሱ ይፈጥን የለም? እዚህም ያው ነው። ምንጣፍዎን ይዘው ይነሣሉ፣ የሌላ ሰው ላብ ገና ባልደረቀበት ወለል ላይ ይዘረጋሉ።

ስለ ሕንድና ስለ ዮጋ የምናያቸው ፎቶዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ወንዝ ዳር፣ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠች ቀጭን ሴት። ማይሶር በቆየሁባቸው ሁለት ወራት እንዲህ የተቀመጠ ሰው ያየሁት ፎቶ ሲነሣ ብቻ ነው። እኔ ልነግርዎ የምፈልገው በፎቶ ስለማይወጣው ውሎ ነው፤ ሊሄዱ ካሰቡ ደግሞ ስለ ጉልበትዎ።

ማይሶር ለምን እንደተመረጠች በአጭሩ ላንሣ። በ1930ዎቹ የከተማዋ ማሃራጃ ክሪሽናራጃ ዎዴየር አራተኛ፣ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ የተባሉትን መምህር ቤተ መንግሥት አስገብተው ዮጋ እንዲያስተምሩ አደረጉ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው አካል የሚያንቀሳቅሰው ዮጋ ብዙው ከዚያ ክፍል የወጣ ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ፑኔ ከተማ ሄደው የራሳቸውን መንገድ አቀኑ፤ ሌላው ፓታቢ ጆይስ እዚያው ማይሶር ቀርተው አሽታንጋ የተባለውን ዘዴ ሲያስተምሩ ኖሩ። የመጀመሪያዋ የውጭ አገር ሴት ተማሪ ደግሞ በ1899 ሪጋ ከተማ የተወለደችው ኢንድራ ዴቪ ናት። ክሪሽናማቻርያ ሴትም የውጭ ሰውም በመሆኗ አላስተምርም ብለው ነበር፤ የተቀበሏት ማሃራጃው ጣልቃ ገብተው ነው። በኋላ ሆሊውድ ውስጥ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈተች። ዛሬ ደረጃው ላይ የተደረደሩት ሁሉ የእርሷን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ወደ ክፍሉ እንመለስ። በማይሶር ዘዴ መምህሩ ፊት ቆሞ «እንዲህ አድርጉ» አይልም። የእንቅስቃሴው ቅደም ተከተል የተወሰነ ነው፤ እርስዎ በቃልዎ ይዘውት፣ በራስዎ ትንፋሽ ልክ፣ ለብቻዎ ይሠሩታል። መምህሩና ረዳቶቹ በመሀል እየዞሩ አንዱን ይደግፋሉ፣ አንዱን ያጣምማሉ፣ አንዱን ያስቆማሉ። ማስቆም የምለው እውነተኛ ማስቆም ነው። አንድ አቋቋም ካልሆነልዎት ቀጣዩ አይሰጥዎትም። እዚያው ያቆማሉ፣ የመዝጊያውን ክፍል ሠርተው ይወጣሉ፣ ነገም እዚያው ይቆማሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ውርደት ይመስላል። ከጎንዎ ያለው ሰው እግሩን አንገቱ ላይ አድርጎ እርስዎ ጫፍ ላይ የቆሙ ያህል ይሰማዎታል። እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ደጋሚ ነዎት። ቆየት ሲል ግን ማቆሙ ራሱ ያሳርፍዎታል። የሚያስቡት ነገር ይቀንሳል።

ስለ ጸሎቱ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አዎ፣ ሲጀመር ሁሉም ቆሞ በሳንስክሪት የሚያዜመው አለ፤ ለመምህራንና ፓታንጃሊ ለተባለው ጥንታዊ ጠቢብ ክብር የሚሰጥ ነው። ትርጉሙን ጠይቄ ካወቅሁ በኋላ አላዜምሁም። ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ ዝም ብዬ እቆም ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም። እርስዎ የሚወስኑት የራስዎን ነው፤ ግን ከመሄድዎ በፊት ያስቡበት። እዚያ፣ ሰላሳ ሰው አጠገብዎ ሲያዜም፣ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሲጨርሱ ፀሐይ ወጥታለች። ልብስዎ ከሰውነትዎ ጋር ተጣብቋል። ሁሉም የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ኮኮናት ሻጩ ጋ። ሰውየው አረንጓዴውን ኮኮናት በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቆንጨራ ሦስት ጊዜ ይመታና ቀዳዳ ያበጅለታል። ውሃውን ጠጥተው ሲጨርሱ መልሰው ይሰጡታል፤ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ከልጣጩ በቆረጠው ማንኪያ ነጩን ሥጋ ይበላሉ። የቀኑ ወሬ ሁሉ የሚወራው እዚህ ነው። ማን ተጎዳ፣ ማን አዲስ አቋቋም ተሰጠው፣ የማን አከራይ የውሃ ማሞቂያ አላሠራም አለ።

ቁርሱ ለሐበሻ ሆድ ቸር ነው። ዶሳ የሚባለው ከሩዝና ከጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ሲቦካ አድሮ፣ ምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ነው። ማቡካት ለምናውቅ ሰዎች ሽታው ብቻ ይበቃል። ማይሶሮች ውስጡን ቀይ ቅመም ቀብተው ድንች ያደርጉበታል። ሥጋና እንቁላል ሳያዩ ሳምንት ቢያልፍ አይገርምዎትም፤ የጾም ወቅት የመጣ ይመስልዎታል፣ ቅቤና እርጎው ባይኖር ኖሮ።

ቡናው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ከቺኮሪ ሥር ጋር ይደባልቁታል፤ ብዙ ወተትና ስኳር ጨምረው ከአንድ ኩባያ ወደ ሌላው ከላይ ወደ ታች እያንቆረቆሩ አረፋ ያስወጡለታል። የይርጋጨፌን ቡና ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ይባላል? ደግሞ አፈ ታሪካቸው ያስቃል። ባባ ቡዳን የተባለ ሙስሊም መናኝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባት የቡና ፍሬ ከየመን ደብቆ አምጥቶ፣ ማይሶር በምትገኝበት በካርናታካ ግዛት ቺክማጋሉር ተራሮች ላይ ተከለ ይላሉ። ከእኛ ተነሥቶ የሄደውን ፍሬ ቺኮሪ ውስጥ አገኘሁት ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሱስ ሆነብኝ።

ከዚያስ? ከዚያ ምንም የለም። ቀኑ ረጅም ነው። ልብስ በእጅ ያጥባሉ፣ ይተኛሉ፣ ሃያ ሊትሩ የመጠጥ ውሃ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ መብራት ይጠፋል፣ መልሶ ይመጣል። ሳንስክሪት ለመማር የሚመዘገቡ አሉ፤ ዴቫራጃ ገበያ ሄደው የአበባ ጉንጉንና ቅመም የሚያዩ አሉ። ገበያ የሚወስድዎት እኛ ባጃጅ የምንለው ነው፤ ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ ስም ቢሆንም እነሱ ግን «ኦቶ» ነው የሚሉት። እሑድ ማታ ቤተ መንግሥቱ ወደ 100 ሺህ በሚጠጉ አምፖሎች ሲበራ ማየት ያስደስታል። እራት በ12 ሰዓት በልተው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይተኛሉ። ሆድ ሲሞላ መታጠፍ ስለማይቻል፣ የማታ ሕይወት የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድም እንዲሁ። ቅዳሜ ሰውነትን በጉሎ ዘይት ታሽቶ መታጠብ ልማድ ነው። ጉሎ እኛም አገር አጥር ጥግ የሚበቅለው ያው ነው፤ ዘይቱ ግን ከፀጉር የሚለቀው በስንት መከራ ነው።

ብቸኝነቱን አልደብቅዎትም። ልጆቼን እናቴ ጋ ትቼ ነበር የሄድሁት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲከብድና ማራገቢያው ሲቆም፣ «እዚህ ምን እሠራለሁ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ማሪቻሳና ዲ የሚባል አቋቋም አለ። አንዱን እግር አጥፈው ተረከዙን ሆድዎ ሥር ያስገባሉ፣ የሌላውን ጉልበት ወደ ላይ ያቆማሉ፣ ወገብዎን ያዞራሉ፣ ክንድዎን በቆመው ጉልበት ዙሪያ ጠምጥመው ከጀርባ ሁለት እጅዎን ያያይዛሉ። ብዙ ሰው ወራት የሚቆመው እዚህ ነው። ዳሌ ካልተከፈተ ዕዳውን የሚከፍለው ጉልበት ነው። ጉልበት ደግሞ እንደ በር ማጠፊያ ወደፊትና ወደኋላ እንጂ ወደ ጎን እንዲዞር አልተሠራም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ አንድ ረዳት ከኋላዬ መጣና እጄን ይዞ ሳበ። ጣቶቼ ተገናኙ። በዚያው ቅጽበት ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። «ጉድ!» ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ፈገግ አልሁ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ሕመሙ ሳይሆን ያ ፈገግታ ነው። ለምን ዝም አልሁ? አንደኛ፣ ቀጣዩ አቋቋም እንዲሰጠኝ ፈልጌ ነበር። ሁለተኛ፣ መምህር የሚያደርገውን ያውቃል ተብሎ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እርስዎም ሳይሆኑ አይቀሩም። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይናገርም። በማግሥቱ ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት አትታጠፊ አለኝ።

ይህ የእኔ ጥቃቅን ጉዳት ነው፤ ከዚህ የከበደ ታሪክ ግን አለ፤ ሳይናገሩት ማለፍም ተገቢ አይመስለኝም። ፓታቢ ጆይስ በ2009 ካረፉ በኋላ፣ በርካታ ሴት ተማሪዎቻቸው አቋቋም በማስተካከል ስም ያለአግባብ ይነኩን ነበር ብለው በአደባባይ ተናገሩ። የልጅ ልጃቸውና ተተኪያቸው ሻራት ጆይስ በ2019 በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ እርሳቸውም በ2024 በ53 ዓመታቸው አሜሪካ ውስጥ አረፉ። እነዚያ ሴቶች ለዓመታት ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ እኔ በአንድ የታመመ ጉልበት እንኳ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ቪዛና ሻንጣ ከማሰብዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይለማመዱ፤ «ዛሬ አይንኩኝ።» በእንግሊዝኛም ቢሆን በምልክትም ቢሆን። ሲመዘገቡ ጉዳት ካለብዎት ይናገሩ። መምህሩ ሲሰማ ፊቱ ከተቀየረ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉ፤ ማይሶር ውስጥ ትምህርት ቤት አይጠፋም።

ወረቀቱ ከዚህ ይቀላል። ለአጭር ጊዜ የዮጋ ትምህርት የሕንድ የቱሪስት ኢ-ቪዛ ይፈቀዳል። ከኢትዮጵያ ሲነሡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው ይውሰዱ፣ አለበለዚያ ሲደርሱ ለይተው ሊያቆዩዎት ይችላሉ። ቤት ሲከራዩ አከራይዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ሊያስመዘግብዎት ይገባል፤ ቅጹን ሞላሁ ቢልዎትም ቅጂውን ይጠይቁ። ኦአርኤስ ይያዙ። የመጀመሪያው ሳምንት ሆድ ለማንም አይመለስም።

ሁለት ሳምንት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሌሎች ሲሠሩ ካየሁ በኋላ ተመለስሁ። መምህሩ ወደ እኔ ሲመጣ፣ «ጉልበቴ ተጎድቷል፤ እባክዎ እጄን አይሳቡ» አልሁት። አራት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። «እሺ፣ ማሪቻሳና ሲ ላይ አቁሚ» አለና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

እስክመለስ ድረስ እዚያው ነው ያቆምሁት። ቀድሜ ስለምጨርስ «ዋን ሞር!» የሚባለው ብዙ ጊዜ በእኔ ቦታ ነበር፤ የምትገባውም ያቺ ጃፓናዊት። በሩ ላይ ስንተላለፍ ምንጣፏን ታቅፋ፣ ጉልበቴን በአገጯ እየጠቆመች፣ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ደህና ነው» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ኮኮናቱ።