የንስሮቹ ጥያቄ ለምን አላረጀም?

በምናባዊ የጀብዱ ፊልሞች ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የተፈጥሮ ሕግ ተጣሰ፣ ሌላው ታሪኩ ቀዳዳ አለው ይላል። የመጀመሪያው ዝርዝሩ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው «ኪንግ ኮንግ» ውስጥ ያለው ጎሪላ ደሴቱ ላይ ቁመቱ አምስት ሜትር ተኩል ግድም ነው። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ባስረዳው ስሌት፣ ቁመት ሦስት እጥፍ ሲያድግ ክብደት 27 እጥፍ ይሆናል፤ ሸክሙን የሚችለው የአጥንት ስፋት ግን 9 እጥፍ ብቻ። ኮንግ ፎቅ መውጣቱ ቀርቶ መቆሙም ያጠራጥራል። በ2003ቱ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ክፍል ደግሞ ቀለበቱን ነጥቆ የወደቀው ጎለም የተባለ ፍጡር የቀለጠ ዐለት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰምጣል። የቀለጠ ዐለት ከውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ሰውነት ግን ከውሃ ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ጎለም ላዩ ላይ ተዘርግቶ ይነድ ነበር እንጂ አይሰምጥም። ቀለበቱን ሊያጠፋ ብዙ ተጉዞ የመጣው ፍሮዶ ከዚያ ቅርበት ፊቱ አለመለብለቡም፣ የኤርታሌን ወላፈን ለቀመሰ ሰው የሚዋጥ አይደለም።

እንዲህም ሆኖ እነዚህ ስህተቶች ፊልሞቹን አልጎዱም። ኮንግ ኒው ዮርክ ሲደርስ ቁመቱ ሰባት ሜትር ያልፋል፤ ፊልሙ የራሱን ልክ እንኳ አልጠበቀም፣ ግን ማን ልብ ብሎታል? ጎለም ሰመጠም ተንሳፈፈም ቀለበቱ ይቀልጣል። የንስሮቹ ጥያቄ ግን እስካሁን ይነሳል፦ አስማተኛውን ጋንዳልፍን ከግንብ ላይ ያወረደው ንስር ቀለበቱን እሳተ ገሞራው ድረስ ለምን አላደረሰም? ጥያቄው የሚነካው የፍሮዶን ድካም ነው፤ አቋራጭ ከነበረ ያ ሁሉ መከራ ከንቱ ሊሆን ነው። ደራሲው ቶልኪን ራሱ በ1958 ቀርቦለት የነበረ የፊልም ጽሑፍ ንስሮቹን ያለ ልክ መጠቀሙን በደብዳቤ ነቅፏል። ጠላት ያያቸው ነበር የሚል መከላከያ አለ፣ ምክንያታዊም ነው፤ ጉድለቱ ፊልሙ ይህን አለመናገሩ ነው። የ«ሃሪ ፖተር» ሦስተኛ ፊልም (2004) ችግር ከዚህ ይብሳል፦ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ፣ የትምህርት ሰዓት እንዳይጋጭባት ተብሎ ለአንዲት ተማሪ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሰው በሞተ ቁጥር «መሣሪያውስ?» ማለት አይቀርም። ደራሲዋ ከተከታዮቹ መጻሕፍት በአንዱ መሣሪያዎቹን ሰባብራ መገላገሏ ቀዳዳው እንዳሳሰባት ይጠቁማል።

«ተረት ነው፣ ምን አነካካችሁት» የሚል አይጠፋም። በተረታችን ጅብ ይናገራል፣ ዳኛም ይሆናል፤ አህያ አግኝቶ ዝም ብሎ ካለፈ ግን ሕፃኑም «ለምን?» ይላል። የሚከብደው ተቃውሞ «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» (1981) ነው። ናዚዎቹ ታቦቱን ከፍተው በገዛ እጃቸው ይጠፋሉ፤ ኢንዲያና ጆንስ ባይኖርም ያው ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ፊልሙ ግን ይወደዳል። ይሁንና ኢንዲያና ታቦቱን በሮኬት ሊያጋየው አነጣጥሮ፣ ውስጡን ለማየት ከመጓጓቱ የተነሳ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ ክዳኑ ሲነሳ ዓይኑን የሚጨፍነው፣ አብራው ያለችውን ማሪዮንንም «እንዳታዪ» የሚላት እሱው ነው። የታቦቱን ዕጣ ባይቀይርም ዓይን የመጨፈኑ ውሳኔ የራሱ ነው፤ ሁለቱም የተረፉት በዚህ ውሳኔ ነውና ድካሙ ከንቱ አይሆንም።