ናሙናው መቼ ይቀዳ?

60 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የያዘ ሐይቅ አለ እንበል። አትራዚን የተባለው አረም ማጥፊያ በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዳያልፈው በአሜሪካ የተወሰነለት ጣሪያ በሊትር 3 ማይክሮ ግራም ነው። ማይክሮ ግራም የግራም ሚሊዮንኛ ናት። ያን ሁሉ ውሃ ጣሪያው ላይ ለማድረስ ስንት ኪሎ ይበቃል? ሲሰላ 180 ኪሎ ይመጣል። በአንድ ሄክታር በቆሎ ላይ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ስለሚረጭ፣ ቢበዛ የ180 ሄክታር ርጭት ነው።

ቁጥሩን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። የኢሊኖይ ግዛት ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ፣ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ወደ ዋሽንግተን እስኪሄድ ድረስ የኖረባት ከተማ፣ ከዚህ ብዙም የማይርቅ መጠን ካለው ሐይቅ ትጠጣለች። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ሹገር ክሪክ የተባለ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ።  ተፋሰሱ ወደ 69 ሺህ ሄክታር ይሰፋል፤ አብዛኛው በቆሎና አኩሪ አተር የሚፈራረቁበት ሜዳማ ጥቁር አፈር ነው።

ከዚህ ውስጥ በ20 ሺህ ሄክታር ላይ በሄክታር አንድ ኪሎ ተኩል ቢረጭ 30 ሺህ ኪሎ ይሆናል። ከመቶ አንድ እጁ በጎርፍ ቢታጠብ 300 ኪሎ። ለገበሬው ከመቶ አንድ ማለት በአረሙም በኪሱም ላይ የማይታወቅ ጉድለት ነው፤ ሐይቁን ግን ከጣሪያው በላይ ያደርሰዋል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፦ ቆሻሻ የደፋ ፋብሪካ የለም፣ በቱቦው ጫፍ የሚያዝ ጥፋተኛ የለም። ሁሉም በመመሪያው መሠረት ረጭቶ ወደ ቤቱ ገብቷል።

አትራዚንን በ1950ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው የስዊዘርላንዱ ጋይጊ ኩባንያ ነው። የእኛ አገር ስንዴና ጤፍ አምራች ቱፎርዲ ከሚለው አረም ማጥፊያ ይለያል። ቱፎርዲ አረሙን የሚገድለው እድገቱን አዛብቶ ነው፤ አትራዚን ግን ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበትን ሥርዓት ይዘጋበታል። በቆሎ የማይሞተው በራሱ ኢንዛይም መርዙን ስለሚያመክነው ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ አፈር ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ ከአፈሩ ጋርም አጥብቆ አይጣበቅም። አረም ለሚዋጋ ሰው እነዚህ ሁሉ ምርቃት ናቸው። ግን አፈር ያልያዘውን ዝናብ ይወስደዋል።

ያ ዝናብ ደግሞ ክፉ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። የሚረጨው በዘር ወቅት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ መሬቱ ገና ባዶ ነው፣ የኢሊኖይ የፀደይ ዶፍም የሚወርደው በዚያው ሰሞን ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪዎች በ1989 የመካከለኛው ምዕራብ ወንዞችን ከርጭት በፊት፣ ከርጭት በኋላና በመከር ወቅት ለክተው፣ የአረም ማጥፊያው ዋና ማዕበል ከዘር በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጎርፎች እንደሚመጣ አሳይተዋል። ወንዝ ያመጣውን ይዞት ይሄዳል፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠራል። ሐይቅ ያስቀምጣል። ፀደይ ላይ የገባው አትራዚን ከፍታው ቢቀንስም እስከ ክረምቱ ብርድ ድረስ እዚያው ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ሐይቅን መከታተል ማለት በመጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ናሙናው ከሁለት ቦታ ይቀዳል፦ ወደ ማጣሪያው ከሚገባው ጥሬ ውሃና ተጣርቶ ወደ ከተማው ከሚወጣው። ጠርሙሱ ብርሃን የማያሳልፍ ቡናማ ብርጭቆ ነው። የተጣራው ውሃ ክሎሪን ስላለበት፣ ክሎሪኑ መንገድ ላይ ኬሚካሉን እንዳይለውጠው የሚያመክን ጨው ይጨመርበታል። ከዚያ በረዶ ውስጥ ይቀመጥና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ላቦራቶሪው ሁለት መንገድ አለው። ርካሹ በአንቲቦዲ የሚሠራው ነው። በትንሿ ቱቦ ግድግዳ ላይ አትራዚንን የሚይዙ አንቲቦዲዎች ተለጥፈዋል። የሚመረመረው ውሃ ቀለም ከሚያመጣ ኢንዛይም ጋር ከተጣበቀ ተመሳሳይ ሞለኪውል ጋር አብሮ ይጨመራል። ወንበር ያነሰበት ታክሲ ነው፤ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ይሻማሉ። ውሃው ብዙ አትራዚን ካለበት ባለቀለሙ ቦታ ያጣና ታጥቦ ይወጣል። በመሆኑም ቱቦው በደመቀ ቁጥር ውሃው ንጹሕ ነው፤ በፈዘዘ ቁጥር ብክለቱ ይበዛል። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ገልብጦ ቢያነበው አይገርምም።

ይህ ዘዴ ፈጣን ነው፣ ግን የአትራዚንን ዘመዶችም አብሮ ይይዛል። የሚያጠራጥር ውጤት ሲመጣ ወደ ሁለተኛው ይኬዳል፦ አንድ ሊትር ውሃ ኬሚካሉን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ አልፎ፣ የቀረው በጥቂት ፈሳሽ ታጥቦ ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይጨመቃል። ከዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይለያየዋል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ ሞለኪውሉን ሰባብሮ በስባሪዎቹ ክብደት ማንነቱን ያረጋግጣል።

መሣሪያው እንዲህ ጠንቃቃ ሲሆን ሕጉ ግን ሰፊ ነው። ጣሪያው ተጥሷል የሚባለው የአራት ሩብ ዓመታት ውጤት አማካይ ከ3 ሲበልጥ ነው። በሰኔ በተቀዳው በሊትር 9 ማይክሮ ግራም፣ በቀሩት ሦስት ሩቦች አንድ አንድ ቢገኝ ድምሩ 12፣ አማካዩ 3 ይሆናል። ከጣሪያው ሦስት እጥፍ የጠጣ ከተማ ሕግ አልጣሰም ማለት ነው። በሩብ ዓመት አንድ ጠርሙስ ብቻ ከተቀዳ ደግሞ፣ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት የተቀዳው ጠርሙስ ማዕበሉን ሳያይ ያልፋል። አደጋው ዕድሜ ልክ በመጠጣት የሚመጣ ሲሆን አማካይ ተገቢ መለኪያ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት ግን ዘጠኝ ወር ራሱ ዓመት አይሞላም፤ እዚህ ላይ አማካዩ አያሳምነኝም።

የውሃ ድርጅቶች ሕጉን ጠብቀው አልተቀመጡም። አልሙን ጨምሮ ማርጋት፣ በአሸዋ ማጣራት፣ ክሎሪን መጨመር አትራዚንን እምብዛም አይነኩትም፤ ቤት ውስጥ ማፍላትም አያስወግደውም። የሚይዘው ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ነው። ስፕሪንግፊልድም ይህን ዱቄት ትጠቀማለች። ከሰሉ ግን ምርጫ አያውቅም፤ የበሰበሰ ቅጠልና አልጌ ያመጡትን ቆሻሻም እኩል ስለሚይዝ፣ ጎርፍ በደፈረሰበት ሳምንት ለአንድ ዓይነት ውጤት ብዙ ዱቄት ይጠይቃል። ወጪው ከውሃ ጠጪው ኪስ ነው። ይህን ምሬት ፍርድ ቤት ያደረሱ ከተሞችና የውሃ ድርጅቶች ነበሩ፤ የአትራዚን ዋና አምራች የሆነው ሲንጀንታ በ2012 በ105 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ክሱን ዘጋ፣ ጥፋቱን ግን አላመነም።

በእርሻው በኩል ያለው ጥንቃቄ በምርቱ መለያ ወረቀት ላይ ተጽፏል፦ ከሐይቅና ከግድብ ዳር 60 ሜትር፣ የማሳው ጎርፍ ወደ ጅረት ከሚገባበት ነጥብ 20 ሜትር ገደማ ውስጥ አይረጭም። ሳር የለበሰ ዳርቻ ጎርፉን ያዘገያል። ይሁንና በዚያ ሜዳ ከማሳው በታች የተቀበሩ ማፋሰሻ ቱቦዎች ስላሉ፣ ከውሃው የተወሰነው በሳሩ ሥር አልፎ በቀጥታ ጅረት ይገባል።

ከ2003 ወዲህ በተመረጡ የውሃ ድርጅቶች በርጭት ወራት ናሙና በየሳምንቱ ይቀዳል። ይህን ያዘዘው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው፤ የሚያካሂደው አምራቹ ነው። ዳኛና ተከሳሽ የተቀላቀሉ ይመስላል፣ ግን በየሳምንቱ የተቀዳ ጠርሙስ ከየሩብ ዓመቱ ጠርሙስ ብዙ ያሳያል፤ ውጤቱን ተጠራጥሮ የሚያይ ሰው እስካለ ድረስ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ጣሪያው ራሱ አገር በተሻገረ ቁጥር ይለዋወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቂቶች በስተቀር ለእያንዳንዱ ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም በሊትር 0.1 ማይክሮ ግራም ብሎ ደንግጓል፤ ይህ ከመርዛማነት ስሌት ይልቅ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ጭራሽ መኖር የለበትም ከሚል አቋም የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ 2 ይል የነበረውን በ2011 ወደ 100 አሳድጎታል። አንድ ዓይነት ውሃ በአንዱ መለኪያ የተበከለ፣ በሌላው የሚጠጣ ነው። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት 100 ውስጥ አትራዚን ሲፈራርስ የሚፈጥራቸው ክሎሪን ያላቸው ልጆቹ አብረው ይቆጠራሉ፤ በአሜሪካው 3 ውስጥ ግን የሚቆጠረው አትራዚን ብቻ ነው።