ኩላችን ውስጥ ምን አለ?

ረመዷን በገባ ቁጥር ከጀመዓችን ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ኩል መኳል ፆም ያፈርሳል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቀደሙት ዑለማዎች በሰፊው ተነጋግረውበታል። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ ኩል ፆምን አያፈርስም፤ ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ቢሰማ እንኳ ዓይን የምግብና የመጠጥ መግቢያ ስላልሆነ ፆሙ እንደፀና ነው። በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ደግሞ ቀን የተኳሉት ኩል ጉሮሮ መድረሱ ከታወቀ ፆሙን ያበላሻል የሚል አቋም አለ። ጠያቂዋ እህት ይህን ሰምታ ትመለሳለች፤ ጉዳዩም እዚያ ላይ ይዘጋል።

ዘንድሮ ግን ከዚህ ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባውን ሌላ ጥያቄ ማንሳት ወደድን። ዓይናችን ላይ የምናኖረው፣ ለዒድ ልጆቻችንን የምንኩልበት ያ ጥቁር ዱቄት ከምን የተሠራ ነው? ፆምን ማፍረስ አለማፍረሱን እንጂ በውስጡ ያለውን የሚጠይቀን እምብዛም የለም። ጉዳቱ ያለው ግን እዚህ ጋ ነው።

ድንጋዩና ስሙ

ኩል በየሀገሩ ስሙ ይለያያል። ዐረቦች ኩሕል፣ ፓኪስታኖች ሱርማ፣ ሕንዶች ካጃል፣ በናይጄሪያ ደግሞ ቲሮ ይሉታል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያመሰገኑት ኩል ኢሥሚድ ይባላል። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ ዓይንን እንደሚያጠራና ሽፋሽፍትን እንደሚያበቅል ተነግሮለታል። የማዕድን ባለሙያዎች ኢሥሚድን አንቲሞኒ ከተባለው ማዕድን ጋር ያያይዙታል።

ችግሩ ገበያ ላይ ነው። ኢሥሚድን በመልክ የሚመስል፣ ይበልጥ በቀላሉ የሚገኝ ሌላ ድንጋይ አለ። ጋሌና ይባላል። ከባድ ነው፣ ሲሰበር እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ሲወቀጥ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ይሆናል። ይህ ድንጋይ የእርሳስና የድኝ ውሕድ ነው። እርሳስ ስንል የጽሕፈቱን ሳይሆን ዐረብኛው «ረሷስ» የሚለውን መርዛማ ብረት ማለታችን ነው። ተመራማሪዎች በኦማንና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ገበያዎች የሚሸጡ ኩሎችን ገዝተው ሲመረምሩ በብዙዎቹ ውስጥ ያገኙት ዋነኛ ነገር ይኸው ጋሌና ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ከካርቦን ወይም ከሌላ ነገር የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ «ኢሥሚድ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ውስጡ ያለውን አይነግረንም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ለሐጅና ለዑምራ የሄደ ዘመድ ከዘምዘምና ከተምር ጋር የኩል ብልቃጥ ይዞ ይመጣል። ከዐረብ ሀገር የምትመለስ እህትም ለጎረቤት ሁሉ ታካፍላለች። በየገበያው ደግሞ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ የት እንደተሠራ ሳይታወቅ የሚሸጥ አለ። «እኛ ድንጋዩን ገዝተን ቤታችን ነው የምንወቅጠው፤ ምንም አልተቀላቀለበትም» የሚሉ እናቶችም አሉ። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ እርሳስ ከሆነ ቤት መወቀጡ አያጠራውም። እንዲያውም ሲወቀጥና ሲነፋ የሚቦንነውን አቧራ በአቅራቢያ ያለው ልጅ ሁሉ ይተነፍሰዋል።

ከዓይን እስከ ደም

ፉቀሃዎች ኩል ጉሮሮ ይደርሳል ወይ ብለው የተከራከሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ከዓይን ጥግ ተነስቶ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን የእንባ ቱቦ አለ። ከእንባ ጋር የወረደው ዱቄት ይዋጣል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ዋናው መንገድ እጅ ነው። ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው እናት ታውቀዋለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን የሚባል አይታወቅም ይላል። ከአንድ ምንጭ የገባውን እርሳስ የሕፃን ሆድ ከአዋቂው ሆድ አራትና አምስት እጥፍ አብልጦ ወደ ደም ያስገባል። ደም ውስጥ የገባው እርሳስ እያደገ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ልጁ ትኩረት ያጣል፣ ትምህርት ይከብደዋል፣ የአእምሮ ብቃቱ ይቀንሳል። የቁርኣን ቂርዓት የሚቀራ ልጅ ሒፍዙ አልይዝለት ሲል «ሰነፍ ነው» እንላለን እንጂ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን ብለን አንጠይቅም። የእርሳስ ጉዳት ክፋቱ መደበቁ ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው።

አዋቂዎችም አይድኑም። እርሳስ የደም ግፊትንና የኩላሊት ሕመምን ያመጣል፣ የደም ማነስንም ያባብሳል። አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል። ሴት ልጅ ስታረግዝ ደግሞ ከአጥንቷ እየለቀቀ ወደ ደሟ ይመለስና ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። ፆመኞች ሁሉ ልንገነዘበው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ባዶ ሆድ እርሳስን ከበላ ሆድ ይበልጥ ይመጥጣል።

ሁለት ቤተሰቦች

ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 የናይጄሪያ ተወላጅ ከሆኑ ወላጆች የተወለደ የስድስት ወር ሕፃን በመደበኛ ምርመራ ላይ ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘበት። በአንድ ዴሲሊትር ደም 13 ማይክሮግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት 5 ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያሳስባል። ቤቱ ሲፈተሽ ምንጩ ቲሮ ሆኖ ተገኘ። ወላጆቹ ያምርበታል፣ ዓይኑንም ያጠነክርለታል ብለው ነበር የሚኩሉት። ዱቄቱ ሲመረመር ከመቶ 82.6 እጁ እርሳስ ነበር። መኳሉ ሲቆም በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው መጠን ቀነሰ።

በዚያው ሀገር በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ከተማ ደግሞ ከአፍጋኒስታን በተሰደደ ቤተሰብ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። እነርሱ የተኳሉት ካጃል ከመቶ 54 እጁ እርሳስ ነበር። ሁለቱም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ከአያት የወረሱትን ያደረጉ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩል በመዋቢያ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም። የአውሮፓ ኅብረትም እርሳስንና ውሕዶቹን በመዋቢያ ውስጥ ከልክሏል።

«ሱና አይደለም ወይ?»

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያመሰገኑትን ልትከለክሉን ነው?» ይላሉ። አይደለም። ሐዲሱ ኢሥሚድን ያመሰገነው ከነጥቅሙ ነው፤ ዓይን የሚያጠራ ነው። ስሙን ብቻ ይዞ ልጅ የሚመርዝ ዱቄት በዚህ ምስጋና ውስጥ አይገባም። መጉዳትም ሆነ በጉዳት መካካስ እንደማይፈቀድ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዞናል። ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጡ አምስት ነገሮች አንዱ ዐቅል ነው። የሕፃኑ ዐቅል እርሱ እስኪያድግ ድረስ በእኛ እጅ ያለ አማና ነው።

ለነጋዴዎቻችን ደግሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ያደረጉትን እናስታውስ። የተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ከሥር እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ያ እርጥበት ነበር፤ ይህ መርዝ ነው። ውስጡ ያለውን የማያውቀውን ኩል «ንጹሕ የመዲና ኢሥሚድ» እያለ የሚሸጥ ሰው ይህን ሐዲስ ለራሱ ያንብብ።

ጥንቃቄው ከሌላ ዓለም የመጣም አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አሽ-ሸይዘሪ ስለ ገበያ ቁጥጥር በጻፉት መጽሐፍ የዓይን ሐኪሞች በሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ የዓይን መጽሐፍ እንዲፈተኑ ጽፈዋል። በየመንገዱ ኩል ይዘው የሚዞሩት አብዛኞቹ ሊታመኑ እንደማይገባ፣ ያለ ዕውቀት የሰው ዓይን እንደሚደፍሩም አስጠንቅቀዋል።

ዓይን እንዳይበላው

ብዙ እናቶች አራስ ልጅ የሚኩሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዓይን እንዳይበላው ብለው ነው። ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲስ መጥቷል። መጠበቂያው ግን ሱረቱል ፈለቅና ሱረቱ-ናስን መቅራት፣ ዱዓእ ማድረግ፣ ልጁን ያየ ሰውም በረካ እንዲለምንለት ማድረግ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሰንንና ሑሰይንን (ረ.ዐ) በዱዓእ ይጠብቋቸው ነበር። ስለዚህ ሕፃንን አንኩል፤ እንቅራለት። እትብቱ ላይም ኩል አይነስነስ።

ምን እንምረጥ?

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ለዒድ መዋብ ያማረ ነገር ነው። ስንገዛ ግን እነዚህን እንይ።

አንደኛ፣ ስም የሌለውን እንተው። የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ሀገር፣ የምርት ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና የተሠራበት ንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለበትን አንግዛ። በዝርዝሩ ላይ ካርቦን ወይም የብረት ኦክሳይድ (ሲ.አይ. 77499) የሚል ጥቁር ቀለም ያለው የዓይን እርሳስ ከድንጋይ ዱቄት ይሻላል። ከታወቀ ፋርማሲ ወይም ሱቅ፣ ከደረሰኝ ጋር እንግዛ።

ሁለተኛ፣ «ተፈጥሯዊ» እና «ሐላል» የሚሉ ጽሑፎች አያታልሉን። ጋሌናም ተፈጥሯዊ ነው። ሐላል የሚለው ቃል አልኮልና የአሳማ ስብ እንደሌለበት ሊነግረን ይችላል፤ እርሳስ እንደሌለበት ግን ምርመራ እንጂ ጽሑፍ አያረጋግጥም። ፊት የሚያነጡ ክሬሞችም በዚሁ ይታዩ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ መኳያ አንዋዋስ፣ በምራቅም አናርጥብ። ሀገራችን በዓለም ላይ ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ያለባት ናት። ትራኮማ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ የአንዷን ዓይን የነካ መኳያም ሕመሟን ለሌላዋ ያደርሳል።

አራተኛ፣ ቤት ያለውን ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ልጅ ከማይደርስበት አርቀን እናስወግድ። ከሐጅ የመጣ ስጦታ ቢሆንም እንኳ ሰጪውን እናመሰግናለን፤ ልጅ ላይ ግን አናደርገውም። ልጃችንን ስንኩል ከቆየን መኳሉን አቁመን ለሐኪም እንንገር። ውጭ ሀገር ያላችሁ ቤተሰቦች የልጃችሁ ደም ለእርሳስ እንዲመረመር ጠይቁ። ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ለምሳሌ ምስር፣ ጎመንና ወተት፣ እርሳስ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም። የሚያጠራጥር ምርት ገበያ ላይ ያየ ለኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያሳውቅ።

የመስጂድ ኢማሞችና የመድረሳ ኡስታዞችም ይህን በደርስ ላይ እንዲያነሱ አደራ እንላለን። «ኩል ፆም ያፈርሳል ወይ?» ብላ የምትመጣ እናት መልሷን ይዛ ስትሄድ፣ «ልጅሽንስ በምን ትኩይዋለሽ?» የሚለውንም ጥያቄ አብራ ትያዝ።

አላህ ፆማችንን ይቀበለን፤ የልጆቻችንን ዓይንና ዐቅል ይጠብቅልን። አሚን።