ቍጥሩ ኬላ ነው ወይስ መንገድ?

«ጨዋታውን ተውና ትምህርትህን ያዝ» ተብሎ ያልተገሠጸ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ገሣጩም ተገሣጩም ጨዋታና ትምህርት የማይስማሙ ነገሮች መሆናቸውን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርገው ይቀበሉታል። ነገር ግን በገበጣ አጠገብ ተቀምጦ የተመለከተ ሰው የተግሣጹን ጉድለት ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ከጕድጓዱ ከማንሣቱ በፊት የት ላይ እንደሚያልቅለት በልቡ ቈጥሮ ይጨርሳል። ቍጥር ላስተምርህ ያለው ማንም የለም፤ ሳይቈጥር ግን መርታት አይችልም።

በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሠሩ ጨዋታዎች ለትምህርት ይጠቅማሉ፥ አይጠቅሙም የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህን ገበጣ ማስታወስ ደግ ነው። ክርክሩንም በባዶ ሜዳ ከማካሄድ በአንድ በታወቀ ምሳሌ ላይ ብናሳርፈው ይሻላል ብለን፥ በአሜሪካ አገር «የኦሪገን መንገድ» የተባለውን ጨዋታ መርጠናል። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1971 ዶን ራዊች የተባለ የካርልተን ኮሌጅ ተማሪ በሚኒያፖሊስ ከተማ የታሪክ አስተማሪነት ይለማመድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቤተ ሰብ በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ከሚዙሪ ተነሥቶ ወደ ኦሪገን የተሰደደበትን ታሪክ ለልጆቹ ሕያው ለማድረግ ብሎ፥ ከቤቱ ወለል ላይ ካርታ ዘርግቶ በዕጣ የሚካሄድ ጨዋታ ያዘጋጃል። አብረውት የሚኖሩት ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር የሒሳብ አስተማሪነት ተለማማጆች ነበሩና የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ያውቃሉ። ካርታውን ባዩ ጊዜ ይህማ ለኮምፒዩተር የተመቸ ነው አሉት። በሁለት ሳምንት ያህል ጽፈው ጨረሱና ዲሴምበር 3 ቀን 1971 ከክፍል ገባ።

የዛሬ ወጣት ይህን ሲሰማ ባለሥዕል ነገር ይመስለው ይሆናል። ሥዕልም ሆነ የሚያበራ መስታወት አልነበረውም። ከክፍሉ የነበረችው በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋራ የተያያዘች አንዲት የቴሌታይፕ መኪና ናት። ጥያቄዋን በወረቀት ላይ ትመታለች፤ ልጆቹም መልሳቸውን ይመቱላታል። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ጕዞውን በካርታ ይከተላል፥ ሌላው ስንቁንና ሒሳቡን ይይዛል።

በ1978 በታተመው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ እንደሚነበበው፥ ተጫዋቹ ለጕዞው 900 ዶላር አጠራቅሟል፤ 200ውን ለሠረገላ ከፍሎ 700 ቀርቶታል። መንገዱ 2040 ማይል ነው። የቀረውን ገንዘብ ለበሬ፥ ለምግብ፥ ለጥይት፥ ለልብስና ለመድኀኒት ይደለድላል። ለበሬ የሰሰተ በዝግታ ይጓዛል፤ ልብስ ያልገዛ በብርድ ይታመማል፤ መድኀኒት የሌለው ታምሞ ይሞታል። በጀት ድልደላ ምን እንደሚመስል ለወጣት ሹማምንቶቻችን መንገር አያስፈልገንም! እዚህ ላይ ግን ደልዳዩ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ የድልደላውንም ውጤት የሚያየው ዓመት ጠብቆ ሳይሆን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው።

የትምህርቱ ወራት ሲያበቃ ራዊች ፕሮግራሙን በወረቀት አወጣው፤ ከኮምፒዩተሩም ተሰረዘ። በ1974 የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ትምህርት ቤቶችን በኮምፒዩተር በሚያገለግል ድርጅት ሲቀጠር ያን ወረቀት ይዞ እንደ ገና መታው። ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው በዚያን ጊዜ ያደረገውን ነው። መንገደኞቹ ራሳቸው የጻፉትን የዕለት ማስታወሻ አነበበ፤ በሽታው፥ ማዕበሉ፥ የሠረገላው መሰበር ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም ከዚያ ለቅሞ የጨዋታውን ዕጣ በዚያ ልክ አስተካከለ። እንግዲህ ልጁ በኮሌራ ቢሞት ያጋጠመው የፕሮግራም ጸሓፊ የፈጠረው ጭራቅ ሳይሆን ታሪክ ነው።

ነቀፌታውንም መሸሸግ አይገባንም። በ1985 ለአፕል ኮምፒዩተር የተዘጋጀው ባለሥዕል ጨዋታ ዐደን ነበረበት። ልጁ በብዙ መቶ ፓውንድ የሚመዘን ሥጋ ገድሎ ወደ ሠረገላው የሚሸከመው 100 ፓውንድ ብቻ ነው። ሕጉ ስስትን ለመግታት ይመስላል፤ ልጆቹ ግን ተኩሱ ስለ ጣማቸው ሥጋው ቢበሰብስም ግድ አልነበራቸውም። ዛሬ ጐልማሳ ከሆኑት ብዙዎቹ ከጨዋታው የሚያስታውሱት ያንኑ ዐደንና በበሽታ መሞቱን ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ ይከብዳል። ተጫዋቹ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከሠረገላው ላይ ነው። ምድሪቱ አስቀድሞ የነርሱ የነበረችው ነባር ሕዝቦች ምግብ የሚያመለክቱ ወይም የሚገበያዩ አላፊ አግዳሚዎች ሆነው ይታያሉ። ልጁ ይህን በቃል ያስተማረው ባይኖርም፥ ሠረገላውን ሲነዳ ሳይታወቀው ተምሮታል። በ2021 ጌምሎፍት የተባለው ኩባንያ ጨዋታውን አድሶ ሲያወጣ የነባሮቹን ሕዝቦች የታሪክ ሊቃውንት አማክሯል፤ በመጀመሪያውና በዚህ መካከል 50 ዓመት አለ።

ገበያውን የሞሉት ብዙዎቹ «የትምህርት ጨዋታዎች» ግን ለዚህ ዐይነት ነቀፌታ እንኳ አይበቁም። ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው ይሉና፥ ልጁ በትክክል ሲመልስ ለጥቂት ጊዜ ያስተኵሱታል ወይም ያስዘልሉታል። ሒሳቡ በመንገድ ላይ የቆመ ኬላ ነው፤ ልጁ ቀረጡን ከፍሎ ወደሚወደው ያልፋል። በገበጣ ግን ቍጥሩ ራሱ መንገዱ ነው። ለትምህርት ቤት ጨዋታ ግዛ የተባለ ሹም ቢኖር፥ ሥዕሉን ከማድነቁ በፊት ሒሳቡን ከውስጡ በሐሳቡ ያውጣው፤ ጨዋታው ያለ እርሱ እንደ ልቡ የሚሄድ ከሆነ ገንዘቡን ባያወጣ እንመርጣለን።

ደግሞ ልጆች መጫወት ብቻ ሳይሆን መሥራትም ይችላሉ። ሲሞር ፓፐርትና ጓደኞቹ ልጆች ኮምፒዩተርን እንዲያዝዙበት ሎጎ የተባለውን ቋንቋ በ1967 አወጡ። ከዚያው ሐሳብ የመነጨው ስክራች የተባለው በ2007 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ወጣ፤ በነፃ ይገኛል፥ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፥ ትእዛዞቹንም በአማርኛ ማንበብ ይቻላል።

አንድ የታሪክ አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋራ ሆኖ አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ ወደ ደጋ የሚያወጣ የሲራራ ነጋዴ ጨዋታ ልሥራ ቢል፥ ገና ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት ጥያቄው ይጐርፋል። አንድ በቅሎ ስንት አሞሌ ትጭናለች? ከኬላ እስከ ኬላ ስንት ቀን ያስኬዳል? ቀረጡ የሚከፈለው በምን ነበር? ጨው ቈፋሪው አፋር ለራሱ ምን ይደርሰው ነበር? ልጆቹ ይህን ለማወቅ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ መጻሕፍት ቤት፥ የነጋዴ ልጅ የሆኑትም ወደ አያቶቻቸው ነው።