የብራና ምስል የሚቀበል ድረ ገጽ ጥያቄው የማን ፈቃድ እንደ ሆነ እንዴት ያውቃል?



የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሀብት የሆነው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1280/81 የተጻፈ ነው። በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። እንደሌሎች የሀገራችን ወንጌሎች ሁሉ ከቅዱሱ ጽሑፍ ውጭ ማስታወሻና የንብረት ዝርዝር ሰፍሮበታል። አባቶች የርስትና የንዋየ ቅድሳት መዝገብ በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ያጽፉ የነበረው በዚያ የሰፈረ ቃል ስለሚታመን ነው። እምነቱ ግን ከገጹ እንጂ ከጸሐፊው እጅ አይመነጭም፤ ወደ ገጹ የደረሰ ሁሉ የገጹን ክብር ይዋሳል። ዛሬ የማስረዳው የድረ ገጽ ድክመትም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

የብራና ምስሎችን የሚሰበስብ አንድ ዲጂታል መዝገብ እናስብ። ባለሙያዋ በይለፍ ቃሏ ትገባለች፤ ሰርቨሩም ማንነቷን የሚያስታውስበት ኩኪ በብራውዘሯ ያስቀምጣል። ብራውዘሩ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሰርቨር በሚሄድ ጥያቄ ላይ ኩኪውን በራሱ ያያይዛል። ባለሙያዋ ከመዝገቡ ሳትወጣ ሌላ ተንኮለኛ ገጽ ብትከፍት፣ ያ ገጽ በእርሷ ብራውዘር በኩል ወደ መዝገቡ ጥያቄ ሊልክ ይችላል። ሰርቨሩ ኩኪውን አይቶ «እርሷ ናት» ይላል፤ ፈቃዷን ግን ማንም አልጠየቀም። ይህ ከሌላ ድረ ገጽ የሚላክ የተጭበረበረ ጥያቄ በባለሙያዎች ዘንድ ሲኤስአርኤፍ ይባላል።

ብዙ ተማሪዎች ፋይል መጫን ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ይመስላቸዋል፤ ተንኮለኛው ገጽ ከባለሙያዋ ኮምፒዩተር ፋይል መርጦ ማንሣት አይችልምና። አዎን፣ አይችልም። ነገር ግን የእርሷ ፋይል አያስፈልገውም! በጃቫስክሪፕት የራሱን ምስል በማኅደረ ትውስታ ፈጥሮ፣ ስም ሰጥቶ፣ ልክ ከቅጽ እንደተላከ አድርጎ ይሰድደዋል። ፋይል የሚጫንበት «መልቲፓርት» የተባለው አቀራረብ ደግሞ ብራውዘሮች ያለ ቅድመ ፈቃድ ጥያቄ ወደ ሌላ ድረ ገጽ እንዲላክ ከሚፈቅዷቸው ጥቂት ዓይነቶች አንዱ ነው። አጥቂው መልሱን ማንበብ አይችልም፤ ግን ምን ያደርግለታል? የሐሰት ገጽ በባለሙያዋ ስም መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የታወቀው መከላከያ ቶከን ነው፦ ሰርቨሩ ለቅጹ የማይገመት ምስጢር ይሰጣል፣ ከጥያቄው ጋር ተመልሶ ካልመጣም አይቀበልም። ችግሩ የሚጀምረው ቶከኑ ከፋይሉ ጋር በአንድ ጥቅል ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ሰርቨሩ ቶከኑን ለማየት ጥቅሉን መፍታት አለበት፤ ሲፈታም ፋይሉ በጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ይሰፍራል። እንግዳው ማንነቱ ሳይጠየቅ ዕቃውን ጓዳ አስገባ ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ለመሸሽ ቶከኑን በአድራሻው መስመር ላይ ይጽፉታል፤ እኔ አልመክርም፣ አድራሻ በሰርቨር መዝገብና በብራውዘር ታሪክ ውስጥ ይቀራልና። ቶከኑን በጃቫስክሪፕት በሄደር መላክ ይሻላል፤ ሰርቨሩ የፋይሉን አካል ሳይነካ ያነበዋል።

በፒኤችፒ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፋይሉ ከተፈቀደው የጥያቄ መጠን ሲበልጥ የቅጹ መረጃ በሙሉ ባዶ ሆኖ ይቀርባል፤ ቶከኑም አብሮ ይጠፋል። ተጠቃሚው የሚያየው «ቶከን የለም» የሚል መልእክት ነው። ሠሪው የመጠን ችግር መሆኑን ሳይረዳ ለዚያ አድራሻ ጥበቃውን ያነሣል፣ ቅሬታውም ይቆማል። የብራና ምስል ከባድ ነውና ይህ በእኛ መስክ ተራ ነገር ነው።

«ሴምሳይት» የተባለው የኩኪ ገደብ አይበቃምን? ክሮም ከ2020 ጀምሮ ገደብ ላልተጻፈባቸው ኩኪዎች በራሱ ያደርገዋል፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ብራውዘር እንዲሁ አያደርግም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ሥር ያሉ ንኡስ ድረ ገጾችም እንደ አንድ ቤት ይቆጠራሉ፤ የተዘነጋ የአንድ ክበብ ገጽ ቢሰበር መዝገቡን ከውስጥ ይደርስበታል።

በኔትወርክ ዝግታ ምክንያት አንድ ምስል ለመጫን ሰዓት በሚፈጅበት ቦታ፣ የእኔ ምርጫ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በመጀመሪያ ትንሽ ጥያቄ ከቶከኑ ጋር ይላካል፤ ሰርቨሩ ፈቃዱን መርምሮ ለዚያች ባለሙያ፣ ለዚያ ብራና፣ ለዚያ መጠን ብቻ የሚያገለግል የአንድ ጊዜ የመጫኛ ትኬት ይሰጣል። ከዚያ ምስሉ በቁርጥራጭ ይላካል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ትኬቱን በሄደር ይይዛል፣ የተቋረጠውም ከቆመበት ይቀጥላል። የመጨረሻው ቁራጭ ደርሶ ሌላ ሰው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስ ምስሉ ለሕዝብ ከሚታየው መዝገብ ተለይቶ ይቆያል።