ሰፌድ ላይ የሚለይ ቡና

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የስሜን ከተማ ናት። ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው ይስማማታል፤ ቡና ግን ውርጯን አይችለውም። የኢትዮጵያ ቡና በብዛት የሚለማው ከ1,500 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ስለዚህ በደባርቅም ሆነ በጎረቤቷ በዳባት ጀበና ውስጥ የሚገባው ፍሬ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ከሩቅ የመጣ ነው። ቡና የማያበቅል አገር ቡና መምረጥ አያውቅም የሚል ካለ፣ በገበያ ቀን ወጥቶ የስሜን ሴቶች ከጆንያው አፍ ላይ እፍኝ ዘግነው እንዴት እንደሚመረምሩ ይመልከት። ከጓሮው የሚለቅም ሰው ያገኘውን ይቆላል፤ በብር የሚገዛ ግን ዓይኑን ስሎ ይመጣል።

ለዚህ አካባቢ የቅርቡ ቡና የዘጌው ነው። በጣና ዳር ባለው ባሕረ ገብ መሬት፣ በገዳማቱ ዙሪያ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። አፈ ታሪኩ አጀማመሩን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ከዘጌ ሌላ የወለጋ፣ የጅማና የሌሎችም አካባቢዎች ቡና አለ። ሁሉም ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ ጎንደር ይደርስና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅ ይራገፋል። በዚህ ሁሉ መንገድ ጆንያው ስንት ጊዜ እንደተገለበጠና ከምን እንደተደባለቀ የመጨረሻው ቸርቻሪ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ሻጩ «የእንትን አገር ነው» ሲል ስሙን ሰምቶ ማለፍ ነው፤ ዋጋ መክፈል ግን ለፍሬው ነው።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ለረጅም ዘመን የተከለከለ ሆኖ ኖሯል፤ አዋጅ ቁጥር 602/2000ም ይህንኑ መሥመር የተከተለ ነበር። ለውጭ ገበያ የሚመዘነው ቡና 300 ግራም ናሙናው ተወስዶ የተበላሹት ፍሬዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ደረጃውን ያላሟላው ወደ አገር ውስጥ ገበያ ይመለሳል። ኢትዮጵያውያን ከሚያመርቱት ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳቸው ይጠጣሉ፤ ከሚጠጡት ውስጥ ታዲያ ይህ ተመላሹም አለበት። ባለሙያው በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን ሥራ፣ የቤቱ ሰው በሰፌድ ላይ መሥራት ግድ ይለዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ያ የማይነቀለው ስህተት የሚመጣው፤ ትልቅ ፍሬ ጥሩ ቡና ነው የሚለው። ጸሐፊው ዳባት ላይ አንድ ቸርቻሪ አንዲትን እናት «እማማ፣ ይሄኛው ይሻልዎታል፤ ፍሬውን አያዩትም እንዴት እንደወፈረ!» ሲላቸው ሰምቷል። እሳቸው ዘግነው አዩና መልሰው ጆንያው ላይ በተኑት። «ልጄ፣ መወፈሩ ምን ይሠራልኛል? እኔ እኩያዎቹን ነው የምፈልገው» አሉት። ከዚህ በላይ ማስተማሪያ አይገኝም። በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው የይርጋጨፌ ቡና ፍሬው ደቃቅ ነው፤ የሐረሩ ረዘም ይላል፤ ሁለቱም ይወደዳሉ። መጠኑ ከዘሩና ከአገሩ የሚመጣ እንጂ የጣዕም ሚዛን አይደለም።

መመሳሰሉ ግን ትልቅ ነገር ነው። ትንሹና ትልቁ ፍሬ አንድ ምጣድ ላይ ሲገቡ ትንሹ ቀድሞ ያርራል፤ ትልቁ ገና ውስጡ ጥሬ ነው። የምትቆላዋ ሴት የቱን ትጠብቅ? ትንሹን ብላ ብታወጣ ቡናው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ትልቁን ብትጠብቅ ይከስላል። ብዙዎች ሁለተኛውን ይመርጡና ጠቁሮ ቅባት ያወጣውን ፍሬ «ጠንካራ ቡና» ይሉታል። ጠንካራ አይደለም፤ የከሰለ ነው። ማክሰል የአገሩን ጣዕም ያጠፋል እንጂ የቡናውን ኃይል አይጨምርም።

መልቀሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥቁሩ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የተሰበረው፣ ሻጋታ የሸተተው ይወጣል። ሲታጠብ የተንሳፈፈውም እንዲሁ። የሚረሳው ከቆሉ በኋላ ያለው ሁለተኛው መልቀም ነው። ሌላው ፍሬ ሁሉ ሲጠቁር እንደ ገረጡ የሚቀሩ አሉ። እነዚህ ሳይቀሉ አረንጓዴ እያሉ የተለቀሙ ናቸው፤ ስኳሩ በውስጣቸው በደንብ ስላልተጠራቀመ እሳቱ ያጠቁረው ዘንድ የሚያገኘው ነገር የለም። በጥሬነታቸው ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰሉ የሰላ ዓይንም ያመልጣቸዋል፤ ምጣዱ ግን ያጋልጣቸዋል። ሳይወጡ ቢወቀጡ ስኒው ውስጥ የገለባ ጣዕም ይተዋሉ። ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ጭሱ ለእንግዶች ከሚዞርበት አይበልጥም። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ምን ያህል ጥቂት ነው! ዕጣኑ በሰዓቱ ይጨሳል፣ ፈንድሻው በሰዓቱ ይፈነዳል፤ አምስት ስድስት የገረጣ ፍሬ ማንሳት ግን ይከብዳል።

ድርቀቱን በጥርስ መለየት ይቻላል። በሚገባ የደረቀ ጥሬ ቡና ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ይኖረዋል፤ ሲነክሱት እምቢ ይላል። ጥርስ ከሰመጠበት እርጥብ ነው፤ ቶሎ ይሻግታል። በደባርቅ ክረምት ጭጋጉ ለቀናት ሳይነሣ ስለሚቆይ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ጆንያ እርጥበት መሳቡ አይቀርም። ፍሬው ነጣ ብሎ ሽታው ከጠፋ ከርሟል ማለት ነው። ምርቱ በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነውና አዲሱን ለማግኘት ከበጋው ማገባደጃ ጀምሮ መጠየቅ ይበጃል። ቡና ሽታ ይስባል፤ ከበርበሬና ከሳሙና አጠገብ ያስቀመጠ ነጋዴ ሊወቀስ ይገባዋል።

ፍሬው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበትም ጊዜ አለ። ደባርቅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ወይም 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ግጭ ሲወጡ 88 ገደማ ይሆናል። ቡናው ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ይልቅ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ እየፈላ ነው ማለት ነው። «ቡናው ቀጠነብኝ» የሚል ደገኛ ቡናውን ከመቀየሩ በፊት ትንሽ አልሞ ይውቀጠውና ጀበናውን እሳት ላይ ጥቂት ያቆየው።

ተፈጭቶ በላስቲክ ስለሚሸጠው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዱቄት ውስጥ የተቆላ ገብስ ይግባ ሽምብራ፣ ማንም በዓይኑ ሊለየው አይችልም።

አንድ ኪሎ ከመሸመትዎ በፊት አንድ እፍኝ ይግዙ፤ ቤት ወስደው ይቁሉት፤ የገረጡትን ይቁጠሩ። በዝተው ካገኟቸው ሻጩን ይቀይሩ። አቦሉ ላይ የትኛውም ፍሬ ያምራል፤ ቶናው ላይ ጣዕሙን ካላጣ ግን ይመለሱና ከዚያው ጆንያ ይጨምሩ።